ሰውን አስቆ ማደር፦ የኮሜዲያን ሙያ ከቴአትር ቤት እስከ ስልክ መስኮት

በሀገራችን የቀልድ መድረክ ላይ አዘውትሮ የሚታየው ሰው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አያስቸግርም፤ ከገጠር ወደ ከተማ የመጣ አርሶ አደር ነው። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ይዞ፣ ሊፍት ፊት ቆሞ ግራ ይጋባል፤ ስልክ ሲያናግር ሰፈሩን በሙሉ ያሰማል፤ አነጋገሩም ከአዲስ አበቤው የተለየ ነው። ተመልካች ይስቃል። ገጸ ባሕርይውን የሚጫወተው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ገበሬ አይደለም። ቀልዱን ጽፎ፣ አጥንቶ፣ መስተዋት ፊት ተለማምዶ፣ ለዚያች የአሥር ደቂቃ ሥራ ተከፍሎት የሚሄድ ባለሙያ ነው።

ይህ ሙያ በኢትዮጵያ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ ባለቤቱ በምን እንደሚተዳደር፣ የት ላይ እንደሚሰናከል ማወቅ ዛሬ ለወላይታ ነዋሪ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በሶዶ፣ በቦዲቲና በአረካ ስልኩን ዘንግ ላይ ሰክቶ ከጓደኞቹ ጋር ጭውውት የሚቀርጽ ወጣት ማየት የተለመደ ሆኗል። ወላጅ፣ ይህ ሥራ ነው ወይስ ሥራ ፈትነት ብሎ ይጠይቃል። አርሶ አደሩም በበኩሉ የሚጠይቀው አለው፤ የሚሳቀው ከእኔ ጋር ነው ወይስ በእኔ ላይ?

ኮሜዲያን የሚለው ቃል በውስጡ ሦስት የማይመሳሰሉ ሥራዎችን ይዟል። አንደኛው በውጭ ሀገር “ስታንድ አፕ” የሚባለው የመድረክ ቀልድ ነው፤ አንድ ሰው ያለ አጃቢና ያለ ቁሳቁስ፣ ማይክሮፎን ብቻ ይዞ በሕዝብ ፊት ቆሞ ያወራል። ሁለተኛው ጭውውት ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች አጭር ታሪክ ይዘው ይተውናሉ። ሦስተኛው ተከታታይ የቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማ ሲሆን፣ የተመልካች ዓይን የለመዳቸው ያው ሰዎች በዚያው ቤት ወይም በዚያው ካፌ በየሳምንቱ አዲስ ጣጣ ይገጥማቸዋል። በአንዱ የተሳካለት በሌላው ይሳካለታል ማለት አይደለም። በመድረክ ላይ የቆመ ቀልደኛ የሕዝቡን ሳቅ በጆሮው እየሰማ ይሠራል፤ ሳቁ ከበረታ ያቆማል፣ ከቀዘቀዘ መንገዱን ይለውጣል። ካሜራ ፊት ግን የሚስቅለት የለም። የድምፅ ባለሙያው ትንፋሹን ውጦ ይቆማል፣ አዘጋጁ “እንደገና” ይላል፣ ያችው አረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ትደገማለች፤ በአሥረኛውም ጊዜ እንደ መጀመሪያው ትኩስ መሆን አለባት። ከመድረክ ወደ ቴሌቪዥን የተሻገሩ ብዙ ቀልደኞች የሚቸገሩት በዚህች ዝምታ ነው።

ማሳቅ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት የፎገራው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና፣ በተክሌ አቋቋም ስማቸው የሚነሣ የቤተ ክርስቲያን አዋቂ ቢሆኑም፣ ሕዝቡ ይበልጥ የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው። መኳንንትን ሳይቀር በሁለት ትርጉም ቃል ይነካኩ ነበር። ሆኖም ቀልዳቸው እንጀራቸው አልነበረም፤ እንጀራቸው ሊቅነታቸው ነበር። በቃል ጨዋታ ይተዳደር የነበረው አዝማሪ ነው፤ እርሱም ቢሆን ማሲንቆ ሳይዝ አይወጣም።

ዘመናዊው የኢትዮጵያ ተውኔት ራሱ በቀልድ ነው የጀመረው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከሩሲያ ትምህርታቸውን ጨርሰው ከተመለሱ በኋላ የጻፉት “ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ” ከመቶ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ ቀረበ። እንስሳት እየተነጋገሩ የሚታዩበት ተረት ቢመስልም የሚነካው የጊዜውን አስተዳደር ስለ ነበር ታገደ። ደራሲው በስተኋላ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው፤ ወደ ዕድሜያቸው ማምሻም በሐረርጌ ሂርና በእርሻ ሥራ ኖረዋል። የሀገሪቱ የመጀመሪያ ተውኔት ጸሐፊ ገበሬም እንደ ነበሩ በገጠሬው ላይ ለሚቀልዱት ማስታወስ አይከፋም።

የደመወዝተኛው ቀልደኛ ዘመን

ሙያው ከመድረክ ወደ ቴሌቪዥን እንዴት እንደ ተሻገረ በአንድ ሰው ሕይወት ለማየት የሚፈልግ ከተስፋዬ ሣህሉ የተሻለ አያገኝም። ሀገሩ ሁሉ የሚያውቃቸው “አባባ ተስፋዬ” በሚለው ስም ነው።

ተስፋዬ በሰኔ ወር 1915 ዓ.ም. በባሌ ተወለዱ። የጣሊያን ወረራ በልጅነታቸው ደረሰ። ከነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሥር በነበረው የቴአትር ክፍል ገብተው ትወና ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበር የሴቶቹን ገጸ ባሕርያት የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ተስፋዬም ቀሚስ ለብሰው፣ ሰው ሠራሽ ጸጉር አጥልቀው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው የሴት ሚና ይሠሩ ነበር። ዛሬ በስልክ ቪዲዮ ላይ ሻሽ አስሮ የእናቱን አነጋገር የሚያስመስል ወጣት አዲስ ነገር የፈጠረ ይመስለዋል፤ ከሰባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሥራ ነው።

በ1940ዎቹ የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደ ኮሪያ ሲዘምት ወታደሩን ለማዝናናት ወደዚያው ተጉዘዋል። ይህን የመሰለ ተመልካች ለቀልደኛ ከባድ ፈተና ነው። ከሞት ጋር ተፋጥጦ የዋለ ሰው በቀላሉ አይስቅም፤ ቢስቅም የሚስቀው ቤቱን በሚያስታውሰው ነገር ነው።

በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሲከፈት ተስፋዬ እዚያ ከሠሩት አንዱ ሆኑ። ከትወናው ሌላ ሙዚቃ ያውቃሉ፣ ምትሃት ያሳያሉ፣ ድምፅ ያስመስላሉ፣ ተረት ይተርካሉ። እንዲህ ያለ ሰው ለአዲስ ቴሌቪዥን ጣቢያ የተሰናዳ ያህል ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን በጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሲጀምር የልጆች ጊዜ ያስፈልገው ነበር፤ ተስፋዬም ያን ጊዜ ይዘው ከ40 ዓመት በላይ ቆዩ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ አባባ ተስፋዬ በሦስት መንግሥታት ሥር ወንበራቸው ላይ ነበሩ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አያት፣ እናትና ልጅ በየተራቸው ያዩአቸው ሰው ናቸው።

ከስክሪኑ የተነሡት በ1998 ዓ.ም. ነው። ምክንያት የሆነው በፕሮግራሙ ላይ የተነገረ አንድ ተረት ያስነሣው ቅሬታ ነበር። አርባ ዓመት የተገነባ ስም በአንድ ተረት ሲናጋ ማየት የዚህን ሙያ ጠባይ ያሳያል፤ የሚነገረው ነገር ቀላል ይመስላል፣ ተጠያቂነቱ ግን ቀላል አይደለም። አባባ ተስፋዬ በሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አርፈዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ወጣቶች ብዙም የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። የዚያ ትውልድ ተዋናይ ደመወዝተኛ ነበር። ቴአትር ቤቱ ቀጥሮታል፣ ወር ሲደርስ ይከፈለዋል፣ ሳቅ ቢመጣም ባይመጣም ስሙ መዝገብ ላይ አለ። ደመወዙ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ለመሳሳት ጊዜ ይሰጠዋል። ቀልድ ደግሞ ሳይሳሳቱ አይለመድም።

ካሴትና የበዓል ዋዜማ

ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ በራሱ የሚያድር ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በሀገሪቱ ብቸኛው ጣቢያ በነበረበት ዘመን የበዓል ዋዜማ ዝግጅት ሕዝብ ሁሉ የሚጠብቀው ነበር። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በጥንድ እየሆኑ ባቀረቧቸው ጭውውቶች ስማቸው በየቤቱ ገባ። ጥንድ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ብልጥ ሌላው የዋህ፣ አንዱ ከተሜ ሌላው ገጠሬ ሲሆን ቀልዱ ራሱን ይገፋል፤ አንዱ ሲረሳ ሌላው ያነሣዋል። አለባቸው በኋላ “አለቤ ሾው” በተባለው ፕሮግራሙ እንግዳ ጋብዞ የመጨዋወትን ስልት በቴሌቪዥን ካስለመዱት ቀደምት አንዱ ሆነ፤ የተቸገሩ ሰዎችንም ወደ መድረኩ እያመጣ ተመልካች እንዲረዳቸው አድርጓል። ገና በሥራ ላይ ሳለ በመኪና አደጋ ሕይወቱ አለፈ።

ብቻውን ቆሞ በማሳቅ ከሚታወሱት መካከል ተስፋዬ ካሳ ይገኛል። ከእርሱ በኋላ ክበበው ገዳን የመሳሰሉ በመድረክ ቀልድ ስም ያተረፉ መጡ። የቀልድ ካሴት በአውቶቡስ፣ በሻይ ቤት፣ በጸጉር ቤት ይከፈት ነበር። ከሶዶ አዲስ አበባ ለሚጓዝ ሰው ረጅሙን መንገድ ያሳጠረለት ብዙ ጊዜ አንድ የቀልድ ካሴት ነው።

ነገር ግን ቀልድ እንደ ዘፈን አይደለም። ዘፋኝ መድረክ ላይ ሲወጣ ሕዝቡ የሚጠይቀው የድሮውን ዘፈን ነው፤ በሰሙት ቁጥር ይጣፍጣቸዋል። ቀልደኛ ግን ያንኑ ቀልድ ሁለተኛ ቢያወራ “ሰምተነዋል” ይባላል። ለዓመታት በመድረክ የተጠራቀመ ቀልድ አንድ ካሴት ላይ ወይም አንድ የቴሌቪዥን ምሽት ላይ ከወጣ በማግስቱ አርጅቷል። በዚህ ላይ ካሴቱን ሌላው እያባዛ ይሸጠዋል። ጎተራውን በአንድ ቀን ገበያ ያራገፈ ገበሬ እስከ ሚቀጥለው አዝመራ በምን እንደሚያድር ቢጠየቅ መልሱ ከባድ ነው፤ የቀልደኛው ሁኔታ ከዚህ አይለይም።

ገቢው የሚመጣበትን ወቅት ያየ ሰው ደግሞ እርሻን ያስታውሳል። በአብዛኛው ሀገር የመድረክ ቀልደኛ ዋነኛ ደንበኞች ሠርግ፣ የድርጅቶች ዓመታዊ በዓልና የበዓል ኮንሰርት ናቸው። በመስከረም፣ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ስልኩ ይጠራል፤ በሁዳዴ ጾም ኦርቶዶክሱ አይድርም፣ ክረምት ሲገባም ዝግጅት ይቀንሳል። የፕሮቴስታንት ምእመን በሚበዛበት እንደ ወላይታ ባለ አካባቢ የሠርግ ወቅት ጾምን ባይከተልም፣ ብዙ ቤተሰብ ለሠርጉ የሚጠራው ዘማሪ እንጂ ቀልደኛ አይደለም። ይህን ሳያሰላ ወደ ሙያው የገባ የሶዶ ወጣት የመጀመሪያው ዓመት ላይ ይደነግጣል።

የማስታወቂያ ሥራ ሌላው ምንጭ ነው። ፊቱ የታወቀ ቀልደኛ ሳሙና፣ ቀለም፣ ቆርቆሮ ያስተዋውቃል፤ በአንድ ማስታወቂያ የሚያገኘውም ከብዙ ምሽት የመድረክ ሥራ ሊበልጥ ይችላል። በቴሌቪዥን ድራማ ላይ መታየት የሚፈለገውም ለድራማው ክፍያ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ነው። እነ “ቤቶች” እና ካፌ ውስጥ እየተካሄደ የወቅቱን ፖለቲካ የሚሸነቁጠው “ምን ልታዘዝ” ያሉ ተከታታይ ሥራዎች ብዙ ተዋንያንን በየሳምንቱ በሰው ቤት አስገብተዋል። የዚህ ዓይነቱ ድራማ ችግሩ ስም መቀየሩ ነው። ተዋናዩ በገበያ ሲያልፍ የሚጠራው በራሱ ስም ሳይሆን በገጸ ባሕርይው ስም ነው፤ ድራማው ሲያልቅ ስሙም አብሮ እንዳያልቅ ብዙ መድከም አለበት።

ለገጠሩ ሕዝብ ይበልጥ የቀረበ፣ ግን ብዙም የማይነገርለት የተዋንያን ሥራ የሬዲዮ ድራማ ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው “የቀን ቅኝት” 257 ክፍሎች ነበሩት። ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤችአይቪ የሚያስተምር ቢሆንም፣ አድማጭ የሚከፍተው ለትምህርቱ ሳይሆን ገጸ ባሕርያቱ ምን እንደሚደርስባቸው ለመስማት ነበር። በድምፅ ብቻ ማሳቅ የሚችል ሰው መብራት በሌለበት ቀበሌም ይደመጣል።

ከእንግሊዝ ገጠር የተነሣው ዝምተኛ

በዓለም ዙሪያ፣ በእኛም ገጠር ሳይቀር፣ ሕፃን ሽማግሌው የሚያውቀው ሚስተር ቢን የተጫወተው ሮዋን አትኪንሰን በጥር 1955 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሰሜን እንግሊዝ ተወለደ። አባቱ ገበሬ ነበሩ። እርሱ ግን የተማረው የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ነው፤ በኒውካስል ጀምሮ በኦክስፎርድ ሁለተኛ ዲግሪውን ሲሠራ በተማሪዎች መድረክ ላይ መቀለድ ጀመረ። በልጅነቱ የመንተባተብ ችግር ነበረበት፤ የሌላ ሰው ባሕርይ ለብሶ ሲጫወት ግን ችግሩ እንደሚተወው ራሱ ተናግሯል።

ሚስተር ቢን እንደ ድንገት የተገኘ ይመስላል እንጂ ብዙ ዓመት የተብላላ ነው። አትኪንሰን ገጸ ባሕርይውን በተማሪነቱ ጀመረው፣ በመድረክ ላይ ሞከረው፣ በ1987 ካናዳ ሞንትሪያል በሚካሄደው የቀልድ ፌስቲቫል ላይ እንግሊዝኛ በማይናገር ተመልካች ፊት ሊያቀርበው መረጠ። ይሠራ እንደ ሆነ ማወቅ የፈለገው ቃል ሳይረዱ ይስቁ እንደ ሆነ አይቶ ነው። አዲስ ዘር በትንሽ መደብ ላይ፣ ያውም በክፉ መሬት፣ እንደሚሞከረው መሆኑ ነው። ከ1990 እስከ 1995 የተሠራው ተከታታይ በጠቅላላው 15 ክፍል ብቻ ነው። አሥራ አምስት ክፍል ዓለምን ለማዳረስ የበቃው ንግግር ስለሌለው ነው፤ ተርጓሚ አያስፈልገውም።

ቀልድ በቋንቋ ላይ ሲቆም ግን ቋንቋው በሚነገርበት ይወሰናል። የወላይታ ሙዚቃ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ምቱ ከሶዶ ተነሥቶ ሀገሩን ሁሉ አዳርሷል፤ ቃሉን የማያውቀው የጎንደርና የአዲስ አበባ ሰው በሠርጉ ይጨፍርበታል። የወላይታ ቀልድ ግን ከወላይታ አልወጣም። ጎጆ ውስጥ እሳት ዙሪያ፣ በጊፋታ ሰሞን ዘመድ ሲሰበሰብ፣ በገበያ መንገድ ላይ የሚወራው ቀልድ ወደ አማርኛ ሲመለስ ግማሹ ይፈስሳል። በወላይትኛ የሚያስቀው የቃሉ አወራረድ ነውና።

ስለዚህ የወላይታ ወጣት ቀልደኛ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። በወላይትኛ ቢሠራ አድማጩ ዞኑና ተወላጁ ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ባይሆንም ማስታወቂያ የሚያሰራው ድርጅት ብዙ ጊዜ የሚያየው አዲስ አበባን ነው። በአማርኛ ቢሠራ ሰፊ ገበያ ያገኛል፤ ነገር ግን ገበያው ከእርሱ የሚፈልገው አስቀድሞ የተቆረጠ ልብስ አለ። አማርኛውን እንዲሰብር፣ ወንዱን ሴት ሴቱን ወንድ እያደረገ እንዲናገር፣ ሊስትሮ ወይም ቀን ሠራተኛ ሆኖ እንዲታይ ይጠበቃል። አነጋገር የሚሰበረው ሰው ሁለተኛ ቋንቋ ስለሚናገር ነው። የወላይታ ልጅ አማርኛ ሲናገር የሚያስቀውን ያህል አማርኛ ተናጋሪው ወላይትኛ ቢሞክር ያስቃል፤ ይህኛው ቀልድ ግን መድረክ ላይ ገና አልወጣም ማለት ይቻላል።

ከወንጂና ከመተሐራ ሸንኮራ እርሻ እስከ አዲስ አበባ አስፋልት ዳር ድረስ የወላይታ ልጆች ሠርተው አድረዋል፤ ወደ ቤተሰብ ገንዘብ ልከዋል፣ ታናናሾቻቸውን አስተምረዋል። ይህንን ሥራ በሳቅ ማንሣት ነውር አይደለም። ሠራተኛው ራሱ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ሲሰበሰብ ከሁሉ በላይ የሚስቀው በቀን ውሎው ነው። በዚያ ሳቅ ውስጥ ግን ጫማ የሚጠርገው ልጅ ብልጡ ነው፣ እግሩን የዘረጋው ደንበኛ ሞኙ ነው። በቴሌቪዥን ሲወጣ ቦታቸው ይለዋወጣል። የቀልዱ ልክ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ማን ነው ብልጡ?

ቋንቋ በዚህ አካባቢ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ዕድሜው የደረሰ የሶዶ ነዋሪ ያውቀዋል። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤቶች ሲገባ በከተማዋ ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ያን ያየ ሰው አንድ ቀልደኛ አነጋገሩን ሲያጣምምበት “ጨዋታ ነው” ቢባል ቶሎ ባይስቅ አይፈረድበትም።

ሕጉስ ምን ይላል? የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆነ ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግርን ይከለክላል። ጥፋተኛው እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሊደርስበት ይችላል። ይኸው አዋጅ ግን የኪነ ጥበብ ሥራ አካል የሆነን ንግግር ከክልከላው ውጭ አድርጎታል። በሌላ አነጋገር አንድ ገጸ ባሕርይ በድራማ ውስጥ የተናገረው ስድብ ብቻውን ወንጀል አይሆንም። ይህ ጥበቃ ተገቢ ነው፤ ያለ እርሱ ቀልድ የሚባል ነገር አይኖርም። ቀልደኛ በሕግ አለመጠየቁ ግን ቀልዱ ጥሩ መሆኑን አያሳይም፤ ያን የሚወስነው ተመልካቹ ነው፣ አንዳንዴም ቻናሉን በመቀየር።

ዛሬ ይህ ሁሉ ወደ ስልክ ገብቷል። እሸቱ መለሰ ከመድረክ ቀልድ ተነሥቶ “ዶንኪ ቲዩብ” የተባለውን የዩቲዩብ ቻናሉን ሲያቋቁም፣ አንድ ቀልደኛ የቴሌቪዥን ጣቢያን ደጅ ሳይጠና ብዙ ሕዝብ ጋር መድረስ እንደሚችል ታየ። ስሙን ከአህያ መውሰዱም ጥሩ ነው፤ በቆሎውንም ውኃውንም ተሸክማ ገበያ የምታደርሰው እርሷ ሆና ሳለ የምትሰደበው እርሷ ናትና። ዩቲዩብ የሚከፍለው ከቪዲዮው ጋር ከሚታየው ማስታወቂያ ገቢ ላይ እየቆነጠረ ነው። ለክፍያ ብቁ ለመሆን ተከታይና የእይታ ሰዓት መሙላት ያስፈልጋል፤ የሚከፈለውም ተመልካቹ ባለበት ሀገር ይለያያል፤ አሜሪካ ያለ አንድ ተመልካች ከሀገር ውስጥ ተመልካች ይበልጥ ያስገኛል። የኢትዮጵያ ቀልደኞች ስለ ስደትና ስለ ውጭ ኑሮ አብዝተው መቀለድ የጀመሩት ናፍቆትን አስበው ብቻ አይደለም።

ለጀማሪ የሚሆን ቦታ በወላይታ የለም ማለት አይቻልም። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ አለ፣ የጊፋታ መድረክ አለ፣ በወላይትኛ የሚያሰራጭ የአካባቢ ሬዲዮ አለ፣ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ከመላ ሀገሪቱ የመጡ ተማሪዎች አሉት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ በመሆኗ ከተለያዩ ዞኖች የመጣ፣ የየራሱ ቋንቋ ያለው ሠራተኛ በአንድ ቢሮ ውስጥ ሻይ ይጠጣል። ይህ ለቀልደኛ ለም መሬት ነው። የሌለው ነገር በየሳምንቱ ተከፍቶ አዲስ ቀልድ የሚሞከርበት፣ ቢወድቅም ማንም ቪዲዮ ቀርጾ የማይለጥፍበት ትንሽ መድረክ ነው። የዛሬው ጀማሪ የመጀመሪያ ስሕተቱን የሚሠራው በሺህ ሰው ፊት ነው፤ አባባ ተስፋዬ በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የሳቱትን የሚያስታውስ የለም።

ለቀልድ የሚሆን ነገር በገጠሩ ሞልቷል። ከከተማ የመጣ ባለ መነጽር ኃላፊ ደብተሩን ዘርግቶ የእንሰት ማሳ ዳር ይቆማል። “ዘንድሮ ስንት ኩንታል ያወጣል?” ብሎ ይጠይቃል። ባለ ማሳዋ እናት እንሰቱ ለመድረስ ገና ሦስት ዓመት እንደሚቀረው ይነግሩታል። ኃላፊው ቅጹ ላይ የሦስት ዓመት ቦታ ስለሌለ ተቸግሮ ያስባል፤ ቀጥሎም ዘንድሮ እንዲደርስ ማድረግ ይቻል እንደ ሆነ በትሕትና ይጠይቃቸዋል። እናትየውም እንሰቱን ዞር ብለው ያዩታል፣ ኃላፊውን ያዩታል፣ ከዚያም ምናልባት ደብዳቤ ቢጻፍለት ይሻላል ይሉታል።